የዕለቱ ቀለም

ጎንደር፣ በዓታ ለማርያም አካባቢ ካሉት የተማሪ ጎጆዎች በአንዷ ደጃፍ አንድ ወጣት መቋሚያውን ይዞ ቆሟል። ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮታል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን ከጉሮሮው አይወጣም። ትከሻው ዝቅ ይላል፣ መቋሚያው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የሆነ ነገር አልጣመውም መሰለኝ፣ ራሱን ነቅንቆ ከመነሻው ጀመረ።

"እዚህ ከመጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ?" አልኩት።

"አራተኛ ክረምቴ ነው ጋሼ።"

"መቼ ትጨርሳለህ?"

"ምኑን?"

ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምኩለት። "አቋቋሙን።"

"እሱንማ የኔታ ያውቃሉ" አለና ወደ ዝማሜው ተመለሰ።

እየቀለደብኝ አልነበረም። እሱን የሚያስጨንቀው ዛሬ ጠዋት የተቀበለው ቀለም ነው። ማታ ጓደኞቹ ፊት ካልወጣው፣ ነገ የኔታ ፊት በባዶው ይቆማል። የዛሬ ስንት ዓመት የሚባለው ነገር ከዚያ ወዲያ ያለ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

ጥያቄዬ ግን የኔ ብቻ አይደለም። መቼ ትጨርሳለህ፣ ስንት አመጣህ፣ የት ደረሰልህ እያልን ከሰላምታ ጋር ቀላቅለነዋል። መስከረም ሲጠባ ለራሳችን የምንገባውን ቃል አስቡት። ዘንድሮ አሥር ኪሎ እቀንሳለሁ፣ እንግሊዝኛዬን አስተካክላለሁ፣ ቦታ እገዛለሁ። ጥምቀት ሲደርስ ግማሹ ተረስቷል። ሁዳዴ ሲገባ ስለ ቀሪውም የሚያነሳ የለም።

የሚገርመው፣ ያው አሥር ኪሎ አቅቶት እጁን የሰጠው ሰው ሁዳዴን 55 ቀን ሥጋም ወተትም ሳይቀምስ ይወጣዋል። ረቡዕ ጠዋት ተነስቶ ልጹም ወይስ ልተው እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም። ሚዛን ላይም አይወጣም። ጿሚ ነው፣ አለቀ። ከተማዋም ታግዘዋለች፤ ልኳንዳ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ በየዓይነቱን ያሰናዳል፣ እናቱ ቅቤውን ከመደርደሪያ ታነሳለች። ሙስሊሙ ጎረቤቱ በረመዳን የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሰውየው አንድ፣ ጉልበቱም አንድ። አሥር ኪሎው የተመኘው ነገር ነበር፤ ጾሙ ግን እኔ ማን ነኝ ሲል የሚመልሰው መልስ ነው።

ይህን ሐሳብ በቅርብ ዓመታት ያስፋፋው ጄምስ ክሊር የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመውና በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ በተሸጠው መጽሐፉ፣ ግብ ከማሳደድ ይልቅ መሆን የምትፈልገውን ሰው የዕለት ሥራ መሥራት ይሻላል ይላል። ጥሩ ብሏል፤ የጎንደር የኔታዎች ግን ይህን ሲያደርጉት ዘመናት ተቆጥረዋል፣ መጽሐፍም አልሸጡበትም።

ጠበቅ ያለ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ይመለከታል። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ነገር መረጡ። አንዱ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ሌላው ከእራት በፊት መሮጥ፣ የመሳሰለውን። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን ድረስ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደው፤ ሌላው 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገመተ። በየአነቃቂ ንግግሩ የምንሰማው "ሃያ አንድ ቀን ብቻ" የሚባለው ነገር እንግዲህ ተረት ነው። አንድ ቀን የዘለለ ሰው እንዳልተበላሸበትም ጥናቱ አሳይቷል። ሥራው ከአንድ የታወቀ ሰዓት ወይም ቦታ ጋር ታስሮ ከተደጋገመ፣ አንዷ ቀን ብትጎድልም ልማዱ አይፈርስም።

የተማሪ ቤት ኑሮ ሁሉ ከሰዓትና ከቦታ ጋር የታሰረ ነው። ልጁ ከፊደል ተነስቶ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ዜማ ቤት ይገባል፤ ጾመ ድጓውን፣ ድጓውን ይዘልቃል። ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ዋድላ ይሻገራል። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለድጓ ምስክር ቤተልሔም ይሄዳል፤ ሁለቱም ደቡብ ጎንደር ናቸው። ለአቋቋም ደግሞ ጎንደር በዓታ ይመጣል። መጻሕፍት ቤት ገብቶ ብሉይና ሐዲሱን ከነትርጓሜው ልሂድ ያለ እንደሆነ ከፊደል ጀምሮ ሲቆጠር ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስድበታል። ይህን መንገድ ሃያ ዓመት ብሎ ቆጥሮ የሚጀምረው ማነው? ማንም አይጀምረውም። የሚጀመረው የዛሬው ቀለም ነው።

አቀባበሉን ቀረብ ብሎ ላየው ሥርዓቱ ቀላል ነው። የኔታ ይመራሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። ከተሳሳተ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቁታል፤ ራሱ ካላገኘው ይመልሱታል። ምልክቱን ያያል፣ ይሰማል፣ ይደግማል። የተቀበለውን ይዞ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይሄድና ያጠናዋል። ማታ በጨለማ ተሰብስበው የተቀበሉትን አንድ ባንድ ይቀጽላሉ። መብራት አያስፈልግም፣ መጽሐፉ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የአቋቋሙ ስልቶች፣ ቁሙ፣ ዝማሜው፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ፣ በቃልም በእግርም በትከሻም ይያዛል። የጎበዝ አቋቋም ተማሪ አካሄድ ከሩቅ ያስታውቃል ይባላል፤ እኔ አልለየሁትም፣ ለዩ የሚሉ ግን አሉ።

በቅኔ ቤት ያለው ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ብቻውን ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ፣ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም ነውር ነው። ቅኔ አንዴ በማኅሌቱ ተዘርፎ ያልፋል፤ ሌላ ሰው ካልቀዳው ይጠፋል። ዓመት ሙሉ የደከመበትን ቅኔ ቆጥሮ ይህን ያህል ሠራሁ የሚል ተማሪ የለም። የቀረው ነገር ቢኖር ቅኔ መቁጠር የሚችል ሰው መሆኑ ነው።

ስለ አቋቋም ከተነሳ አለቃ ገብረ ሐናን አለማንሳት አይቻልም። አንባቢ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ምላሳቸው ንጉሥም አይምርም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ግን የበዓታ ሊቅ ሆነው ነው። በጣና ዳር ተቀምጠው የውኃውን ማዕበልና የደንገሉን ውዝዋዜ እያዩ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት የለመድነውን አንተውም ብለው አልቀበል ቢሏቸው ልጃቸው ተክሌ ተምሮ አስፋፋው፤ ስልቱም በልጁ ስም ተክሌ ተብሎ ቀረ። በአንድ ትውልድ ተቀባይ ያጣ ነገር ዛሬ በአገሪቱ ሁሉ የሚዘመምበት ሆኗል።

ይህ ሁሉ ትምህርት የተረፈው በድንጋይና በብራና ብቻ እንዳልሆነ የከተማዋ ታሪክ ምስክር ነው። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆራት ጎንደር አርባ አራት ታቦት ያላት እየተባለች ትጠራ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቷን ዘረፉ፣ አቃጠሉም። መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ አጓዙ። በ1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከዚያ ከተወሰዱት ብራናዎች 350 ያህሉ የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። በ1880 ደግሞ ደርቡሽ መጥቶ የቀረውን አነደደው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። መጽሐፉ ተወስዷል፣ ጣራው ተቃጥሏል። ድጓውን በቃላቸው የያዙ፣ ዝማሜውን በትከሻቸው የተሸከሙ ሰዎች ግን ነበሩ፤ ከአመድ ላይ ቆመው እንደገና መሩ። ግባቸው አርባ አራት ሕንጻ ማቆም ብቻ ቢሆን ኖሮ በ1880 ነገሩ ባለቀ ነበር።

ዛሬ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ የሚያየው የዚህን ጫፍ ነው። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ካሜራው ሁሉ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ይኮለኮላል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ሲወርዱና ሲወጡ እንደ አንድ ሰው ናቸው። ለዚያች ቀን ብለው ተለማምደው ይሆን? እንዲያ ብሎ የጠየቀ ቱሪስት ገጥሞኛል። ማኅሌቱ በየወሩ በዓል፣ በየሰንበቱ አለ። ሰው ሲመጣም ይቆማሉ፣ ሳይመጣም ይቆማሉ።

ግን ነገሩን ማሞገስ ብቻ ውሸት ይሆናል። የተማሪ ቤት ኑሮ ጨካኝ ነው። ልጁ ከወላጆቹ ርቆ፣ አንዳንዴም ጠፍቶ፣ ደበሎውን ለብሶና አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሽ ይለምናል። ውሻው አለ፣ ብርዱ አለ፣ እከኩና ተስቦው አለ። አቋርጦ የሚሄደው ብዙ ነው፤ የሚዘልቁትን ብቻ አይተን ልማድ ሁሉን ይሠራል ብንል የቀሩትን እንዳልነበሩ እንቆጥራለን። ልማዱን ያቆመው ደግሞ የልጁ ጽናት ብቻ አይደለም። ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት አለች። አብሮት የሚቀጽል ጓደኛ አለ፤ የቀረ እንደሆነ "ምን ሆነህ ነው?" የሚል። "ተማሪ" ብሎ የሚጠራው መንደር አለ። ሊቅ እስኪሆን አልጠበቁትም፤ የመጣ ዕለት ስሙን ሰጡት፣ እሱም እንደ ስሙ ለመሆን ተጣጣረ።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ነገር ብቻ መስሎ እንዳይታይ ከጎንደር ወደ ሰሜን እንውጣ። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲል ደባርቅ፣ የስሜን ተራሮች ደጃፍ ላይ ያደርሳል። ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ፣ ማለዳ ውርጭ። እዚህ አገር መንግሥት የሰውን የዕለት ልማድ ለመለወጥ ከአንድ ትውልድ በላይ ደክሟል።

ድካሙ የተጀመረው ጎንደር ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ በወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው። ሐኪም ከማፍራቱ በፊት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። ከበሽተኛ አልጋ ይልቅ ጉድጓድ፣ ምንጭና እጅ መታጠብ ላይ ያተኮረ ሥልጠና ነበር። ከዚያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣ። በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች፣ 16 ፓኬጆች፣ ፓኬጁን የተገበረ ቤተሰብ "ሞዴል" ተብሎ ይመረቃል። ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ በዚህ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። ግን ኮታም ይዞ መጣ። ይህን ያህል መጸዳጃ ቤት እስከዚህ ወር ድረስ። ቀበሌው ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነጻ ተብሎ ባንዲራ እስኪሰቀል።

ዳባት ወረዳ ውስጥ ያየኋቸው ሁለት ጎረቤታም ግቢዎች ይህን ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ይናገራሉ።

በመጀመሪያው ግቢ መጸዳጃ ቤቱ በሥርዓት ተሠርቷል። ግድግዳው ተመርጓል፣ በሩ ቆርቆሮ ነው። ከጎኑ በሁለት ባላ መካከል ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ከአንገቱ የወረደ ሲባጎ መሬት ላይ ካለች እንጨት ጋር ታስሯል፤ እንጨቷ ስትረገጥ ጀሪካኑ አዘንብሎ ውኃ ያወርዳል፣ እጅም ጀሪካኑን አይነካም። ሳሙና ማስቀመጫው ከወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ ነው። ሁሉም አለ። ጀሪካኑ ግን በፀሐይ ተሰንጥቋል። ሃይላንዱ ውስጥ ሸረሪት አድርታለች። ከቤቱ ወደ መጸዳጃው በሚወስደው መንገድ ላይ ሣር በቅሏል፣ በሩን ስከፍት ጭድ ተቆልሏል። የቤቱ እመቤት ሳቁ። "ለቁጥጥር ሲመጡ ጭዱን እናወጣዋለን ልጄ፤ እነሱም ጽፈው ይሄዳሉ።"

አጠገቡ ያለው ግቢ ደግሞ ድሃ ይመስላል። መጸዳጃው በአገዳ የታጠረ፣ በሩ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። መንገዱ ግን በእግር ተደልድሎ ነጭ ሆኗል። ጀሪካኑ ሥር መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሳሙና የለም፣ አመድ አለ። እንዴት ለመዳችሁ ብዬ ጠየቅሁ። ለቁጥር የሚመች መልስ ጠብቄ ነበር፤ ሥልጠና፣ ቅጣት፣ ሽልማት፣ የሆነ ነገር። አያትየዋ የነገሩኝ ሌላ ነው። ትልቋ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት አምጥታው ትናንሾቹን አስለመደቻቸው። አሁን ሳይታጠብ ወደ ገበታ የቀረበ ሰው፣ አባወራውም ቢሆን፣ ልጆቹ ይስቁበታል። "እኛ ቤት እንዲያ አይደረግማ" አሉኝ፤ ነገሩ ከጥንት የነበረ ያህል። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በሪፖርቱ ላይ ሁለቱም ግቢዎች አንድ አንድ ናቸው። እንዲያውም የመጀመሪያው ይበልጣል፣ ቆርቆሮ በር አለው። ጉድጓዱ ለመቆጠር ስለተቆፈረ፣ ተቆጠረና ሥራው አለቀ። ቆጣሪዎቹን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይመስለኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በወሩ መጨረሻ የምትጠየቀው ስንት ተሠራ ተብሎ ነው፤ የቱ መንገድ ላይ ሣር በቀለ የሚል ቅጽ አልተሰጣትም።

የዓይን ማዝ (ትራኮማ) በሽታ ታሪክ ይህን ያወሳስበዋል፤ ማወሳሰቡም ጥሩ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ፣ አማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ክልሉ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ ዚትሮማክስ የተባለውን መድኃኒት በዘመቻ ለሚሊዮኖች አደለ፣ ፊት መታጠብንም አስተማረ። በሽታው በብዙ ወረዳ ቀነሰ፤ በአንዳንዱ ግን ከስንት ዙር በኋላም አልለቅ አለ። እንግዲያው ንጽህና ላይ ይበርታ ተባለና በዋግ ኽምራ በ40 መንደሮች ሦስት ዓመት የፈጀ ሙከራ ተደረገ። ውኃ ተቆፈረ፣ ሳሙናና ትምህርት ቀረበ። ከዚያ ሲለካ፣ አገልግሎቱን ካላገኙት መንደሮች ጋር ሲነጻጸር የበሽታው ተሕዋስያን መጠን አልቀነሰም። ልማድ ጥሩ ሰው፣ ጥሩ ቤት ያደርጋል፤ ሁሉን በሽታ ግን አይፈውስም። መድኃኒቱም፣ ቆጠራውም፣ ግቡም የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። መንግሥት ያለ ግብ በጀት አይመድብም። እኔ የምለው፣ የመንግሥትን የዕቅድ ቅጽ ወደ ጓዳችን አምጥተን ራሳችንን በሱ መምራታችን አልበጀንም ነው።

ይህ ከሁሉ የሚያመው ትምህርት ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። ጎንደር ውስጥ ልጃቸውን ያስፈተኑ ወላጆች ዘንድ ውጤት በወጣ ሰሞን ብትሄዱ የለቅሶ ቤት ይመስላችኋል። ምክንያቱ ብዙ ነው። መጽሐፍ የለም፤ መምህሩ ደመወዙ አይበቃውም። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ልጅ "ልማድ አዳብር" ማለት ስድብ ነው።

ግን ክፍሉ ክፍት የሆነለትም ልጅ አለ። ከተማው ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ መምህር እንዳጫወተኝ፣ መስከረም ላይ ተማሪዎቹን ምን ታስባላችሁ ሲላቸው ሁሉም ቁጥር ይነግሩታል። አምስት መቶ፣ አምስት መቶ ሃምሳ። ዛሬ ማታ ምን ልትሠሩ ነው ሲላቸው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ማውራት ከለከላቸው። በምትኩ ማታ ማታ ሁለት ጥያቄ፣ በአንድ ደብተር፣ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ከጓደኛ ጋር መተያየት። የተሳሳተ አይቀጣም፤ ያልሠራ ግን ጓደኛውን አሳፈረ። እየቆየ አንዳንዶቹ "ሒሳብ አልወድም" ማለታቸውን ተዉ፤ ማታ ማታ ሒሳብ የሚሠራ ልጅ እንዲያ ብሎ ማውራት ይከብደዋል። ነጥባቸው ምን ያህል ከፍ አለ ብዬ ጠየቅሁት። እኔም ያው ነኝ መቼም። "የአንዳንዶቹ ከፍ ብሏል፣ የአንዳንዶቹ ያው ነው" አለኝ፤ "ደብተራቸውን ግን ክረምትም አልተዉትም።"

ስለ ልማድ ያለን ተረት ባብዛኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንላለን። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዶች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሣር ሲሸመጥጡ ያየ ሰው ተረቱን ያወጣው ደገኛ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ወደ በጎ የሚጎትተውን ልማድ የሚያሞግስ ያን ያህል የታወቀ ተረት ግን ቶሎ አይመጣልኝም። ምናልባት በጎ ልማድ ያለው ሰው ስለሱ ስለማያወራ ይሆናል። ሰኞ የሰኞውን፣ ማክሰኞ የማክሰኞውን እያለ ዳዊት የሚደግም ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ። መቶ ሃምሳው መዝሙር ለሳምንቱ ተከፋፍሎለታል። እሑድ ሲያልቅ ሰኞ ከአንድ ይጀምራል። ዳዊትን ስንት ጊዜ ወጡት ብትሉት ቂል ትባላላችሁ።

ከእንዲህ ያሉት አንዱን ያገኘሁት ባልጠበቅሁት ቦታ ነው፤ ሽማግሌም አልነበረም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ልሄድ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ነጂ ሃያ ስድስት ቢሆነው ነው። መስታወቱ ሥር አንድ የጠቆረች ዳዊት በላስቲክ ታስራለች። ድጓ ቤት አምስት ዓመት ቆይቷል፤ አባቱ ሲሞቱ ታናናሾቹን ለማስተዳደር አቋርጦ ወጣ።

"ታዲያ አላዘንክም፣ ሳትጨርስ?" አልኩት። ከዚህ ጥያቄ የሚገላግለኝ አልተገኘም።

"ለእሱማ አዝኛለሁ" አለ፣ ሳያንገራግር። "መሪጌታ መሆን እፈልግ ነበር።" ትንሽ ዝም ብሎ ነዳ። "ግን ጠዋት ከመውጣቴ በፊት የዕለቱን እደግማለሁ። ዓርብ ማታ ደግሞ እዚሁ ሰፈር ሦስት ልጆች አሉ፣ ውዳሴ ማርያም አስጠናቸዋለሁ።"

"ይከፍሉሃል?"

"ኧረ ጋሼ!" አለና ዞሮ አየኝ፤ ፊት ለፊታችን አህያ ስለነበረች ዞሮ ባያየኝ ይሻለኝ ነበር። "አንዱማ ሰነፍ ነው። ገና ሰኞዋን አልወጣትም። አባቱ በየሳምንቱ መቼ ነው የሚጨርሰው ይለኛል።"

"ምን ትለዋለህ?"

"አምጣው፣ አይቅር እለዋለሁ።" አዘዞ ስንደርስ ሂሳቡን ጠየቅሁት። ከተነጋገርነው ሃያ ብር ጨምሮ ነገረኝ፤ መንገዱ ተበላሽቷል ብሎ። ተከራከርኩት፣ አሥሩን ቀነሰልኝ።